ይቅደሙ ያልኩበት በር

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሄድ ሰው ምክር አያጣም። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ በጣቶችሽ አትጫወቺ፣ ጠያቂውን ዓይን ዓይኑን እዪው፣ ድምፅሽን አውጪ፣ ስለ ድርጅቱ አንብበሽ ሂጂ። ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ አብዛኛውንም ይዤው ነበር የሄድኩት። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ የዘመድ ልጆች ሲጠይቁኝ እኔም ይህንኑ እደግምላቸዋለሁ። ሰበታ ላይ የሆነብኝን ግን አልነግራቸውም። መናገር የማልችለውን መጻፍ ስለሚቀለኝ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ኬሚስትሪ ተምሬ ከተመረቅኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኝ ነበር። ቤታችን ቡራዩ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ በኦሮምኛ ሰላም ብላ፣ በአማርኛ አውርታ፣ መልሳ በኦሮምኛ የምትሰናበት ናት። እኔ የቤቱ ዝምተኛ ነኝ። ሰፈር ውስጥ የምመሰገንበት አንድ ነገር ቢኖር ድምፄ አለመሰማቱ ነበር። «ያንቺ ልጅ እኮ፣ መኖሯም አይታወቅ!» ይሏታል ሴቶቹ እናቴን፤ እሷም እንደ ሽልማት ትቀበለዋለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሦስት ዓመት እጄን አውጥቼ የጠየቅኩት ጥያቄ ከአምስት አይበልጥም። ውጤቴ ግን ጥሩ ነበር። ወረቀት ላይ አላፍርም።

በዚያ አንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ሦስት ቦታ ተጠርቼ ሦስቱም ቦታ ወድቄአለሁ። የጽሑፉን ፈተና አልፍና ሰዎች ፊት ስቀመጥ አፌ ይደርቃል። በሦስተኛው ላይ ከጠያቂዎቹ አንዱ እስክመልስለት ጠብቆ ጠብቆ «ልጄ፣ ከእኛ ጋር ነሽ?» ብሎኝ ሌሎቹ ሳቁ። አባቴ የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣበትን ጋዜጣ በየሳምንቱ ያመጣልኝ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ማምጣቱን ተወ። አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ሱቅ ስሄድ ጋዜጣው ተቀዶ ሳሙና ሲጠቀለልበት አየሁ። መግዛቱን አልተወም ነበር፤ የተወው ለእኔ ማምጣቱን ነው።

የሰበታውን ማስታወቂያ ያገኘችልኝ ጓደኛዬ ናት። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን፤ አሁን ሱሉልታ አንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እኔ ዓመት ሙሉ የማልናገረውን እሷ ከቁርስ በፊት ትጨርሰዋለች። ሰበታ ያለ አንድ ፋብሪካ ለጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪው ኬሚስት ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻ። ማስረጃዬን አስገባሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከፋብሪካው ተደወለልኝ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ኦሪጅናል ማስረጃ ይዘሽ ቅረቢ። እሷ ከእኔ ይልቅ ተደሰተች። «ቅዳሜ ሱሉልታ ትመጫለሽ፤ ካልመጣሽ ቡራዩ መጥቼ ሰፈርሽ ውስጥ አዋርድሻለሁ» አለችኝ።

ሄድኩ። የተከራየችው ክፍል አስፋልቱ ዳር ነው፤ ሯጮች በቡድን በቡድን ሲያልፉ በመስኮቱ ይታያል። አልጋዋ ላይ ሦስት ትራስ ደርድራ ጠበቀችኝ።

«እነዚህ ጠያቂዎችሽ ናቸው። መሃለኛው ክፉ ነው፤ እሱን ተጠንቀቂ።»

እኔን ዱካ ላይ አስቀምጣ እሷ ከትራሶቹ ጎን እግሯን አነባብራ ተቀመጠች። ድምፅዋን አወፈረች።

«እሺ የኔ እህት፣ ስለ ራስሽ ንገሪን።»

«ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት። ብዙም የሥራ ልምድ የለኝም…»

«ቁሚ! ስለሌለሽ ነገር ማን ጠየቀሽ? ሰው ቤት ስትገቢ መጀመሪያ የምታሳዪው የተቀደደውን ካልሲሽን ነው?»

«እና ምን ልበል?»

«ጎበዝ ነኝ በያ!»

«በራሴ አፍ?»

«በማን አፍ ልትዪው ነው? እናትሽን ይዘሻት ልትገቢ?»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እውነትም ክፉ ጠያቂ ሆነች። የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ስም አንድ በአንድ እየጠራች በዚህ መሥራት ትችያለሽ ወይ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ እንደለመድኩት «እሞክራለሁ» እላለሁ። ሁለተኛው «እሞክራለሁ» ላይ ትራሱን ብድግ አድርጋ ወረወረችብኝ።

«ጠያቂው ራሱ ተነስቶ መታሽ! ትችያለሽ ወይስ አትችይም?»

«እችላለሁ።»

«አልሰማሁም።»

ጥላኝ ወጥታ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ ሄዳ ቆመች፤ ከዚያ ሆና እንድሰማት ተናገሪ አለችኝ። መጮህ ጀመርኩ። ልብስ የሚያጥቡት አከራይዋ ቀና ብለው «ምነው ልጆች፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አሉ። «አይ እትዬ፣ ሥራ እየገባች ነው» አለቻቸው። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና «ምን ዓይነት ሥራ ቢሆን ነው እንዲህ የሚያስጮኸው?» ብለው ወደ ልብሳቸው ተመለሱ።

ሁለት ቅዳሜ እንዲህ ተለማመድን። በሁለተኛው ቅዳሜ ስለ ራሴ አምስት ዓረፍተ ነገር ሳልንተባተብ፣ ቧንቧው ድረስ በሚሰማ ድምፅ መናገር ቻልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ለራሴ በሹክሹክታ ደገምኩት። ሥራው የእኔ እንደሆነ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ይህን በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

ያ ሰሞን ግን የማስተር ፕላኑ ሰሞን ነበር። ወረቀቱን ያየ ሰው በሰፈራችን አልነበረም፤ የማያወራበት ሰውም አልነበረም። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ ገበሬው ሊነሳ ነው ይባላል። ከገፈርሳ በኩል ወተት የሚያመጡልን ሽማግሌ አንድ ጠዋት ሲነሱ ማሳቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ተተክሎ አገኙ። ማን እንደተከለው የነገራቸው አልነበረም። ወተቱን እየለኩ ነው የነገሩን፤ እንደ ሌላ ጊዜው አልቀለዱም። ከዚያ ተማሪዎች ወጡ፣ ወታደር ገባ፣ ተኩስ ሰማን። ከጎረቤቶቻችን የአንዱ ልጅ ታሰረ፤ እናቱ በየማለዳው ምግብ ቋጥራ ስትወጣ እናያት ነበር። አባቴ ሱቁን መክፈትም መዝጋትም አቃተው። «ብከፍት ልጆቹ ይቆጡኛል፣ ብዘጋ ቀበሌ ይቆጣኛል» ይልና ግማሹን በር ከፍቶ ግማሹን ዘግቶ ይቀመጣል።

ረቡዕ ከሰዓት እናቴ ከገበያ ስትመለስ ነገ መንገድ ይዘጋል የሚል ወሬ ይዛ መጣች።

«ደውይላቸውና ሌላ ቀን አድርጉልኝ በያቸው። ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩን ነካሁ። ከመጥራቱ በፊት ዘጋሁት። የማላውቃቸውን ሰዎች ለእኔ ብላችሁ ቀን ለውጡ ማለት ከበደኝ። ለእናቴ «አያነሱም» አልኳት። እሷን የዋሸሁበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አንዱ ይህ ነው።

ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። ደህናውን ጫማዬን በፌስታል ይዤ አሮጌውን አደረግኩ። ቡራዩ ገና ጭር እንዳለ ነበር፤ እስከ ዊንጌት ታክሲ አገኘሁ፣ ከዚያም እያቆራረጥኩ አየር ጤና፣ ከአየር ጤናም ዓለም ገና ደረስኩ። ዓለም ገና ላይ ሾፌሩ ፊት ለፊት ጭስ አይቶ ዳር ያዘ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ወራጅ! ከዚህ አያልፍም!» አለ። አንድ ሰውዬ ሰበታ ብለህ አልነበረም ወይ የጫንከን ብሎ ሲጨቃጨቅ እኔ ወርጄ በእግሬ ጉዞ ጀምሬ ነበር።

አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ጎማ ይጨሳል። ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ እኔን የመሰሉ ብዙ ሰዎች ዳር ዳሩን ይዘን በዝምታ እንሄዳለን። አንድ ቦታ ላይ ጎረምሶች መንገዱን ይዘው ቆመዋል። አንዱ እኔን አየና «ኤሳ ዴምታ?» አለኝ፣ ወዴት ነሽ ሲል ነው። ዱላ ይዟል፤ ከእኔ ታናሽ ነው።

«ሆጂ» አልኩት። ሥራ።

አነጋገሬን ሰምቶ በአማርኛ ቀጠለ። «ሥራ አለሽ?»

«ገና ልፈተን ነው።»

«የት?»

የፋብሪካውን ጣሪያ በእጄ አሳየሁት። ሳቀ። «እዚያ? እኔ ሦስቴ አመልክቻለሁ። ግቢው የአጎቴ እርሻ ነበር።» ሌላው ከኋላው ሆኖ «እንግዲህ ከገባሽ ማመልከቻውን አስታውሺላቸው!» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ በእኔ ላይ ክፋት አልነበረም። ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ መንገድ ሰጠኝ። ማመስገን ይገባኝ ወይ አይገባኝ ስላላወቅኩ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። አጎቱ የት እንደገቡ መጠየቅ የታሰበኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ፋብሪካው በር ላይ ጫማ ቀየርኩ። ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። ጸሐፊዋ ማስረጃዬን ሳታይ «ዘጠኝ ሰው ነበር የጠራነው፤ መቼም ዛሬ ብዙ የሚመጣ የለም። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጪ፣ በመጣችሁበት ተራ ትገባላችሁ» አለችኝ። ስሜን አትመዘግቢውም ወይ ልላት ነበር። ስልክ አነሳች፤ ተውኩት።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ከእኔ በፊት ሁለት ወንዶች መጥተዋል፤ እኔ ሦስተኛ ነኝ። የመጀመሪያው ገብቶ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና «ቀላል ነው፣ አትፍሩ» አለን፤ ፊቱ ግን እንደዚያ አይልም። ሁለተኛው ገባ። እኔ አምስቱን ዓረፍተ ነገሮች በልቤ እደግማለሁ። ደህና ነበርኩ፤ እውነት ደህና ነበርኩ።

አራተኛዋ አመልካች የመጣችው ይሄኔ ነው። አርባ ዓመት የሚጠጋት ሴት ናት፤ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቷል፣ ማስረጃዎቿን በፕላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛቸዋለች። ተነስቼ ከግድግዳው በኩል ያለውን የተሻለ ቦታ ለቀቅኩላት። ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አወራችኝ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቆዳ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠርታለች፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ሁሉም ተበተኑ።

«ዛሬ ትምህርት ቤት የለም፤ ሁለቱን ልጆቼን ቤት ውስጥ ቆልፌባቸው መጣሁ» አለች። «ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው። ትንሹ ደግሞ ክብሪት መጫር ይወዳል። ክብሪቱን ይዤው ልወጣ አስቤ ነበር፤ መርሳቴ መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ።»

«እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ወንድ ወጣ። ጸሐፊዋ አንገቷን ብቻ በበሩ አውጥታ «ቀጣይ!» አለች። ስም አልጠራችም።

ተነሳሁ። ሴትዮዋ ፕላስቲኳን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ወለሉን ታያለች። ምንም አላለችኝም። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ምንም አላለችኝም።

«እርስዎ ይቅደሙ» አልኳት።

«ኧረ አይሆንም፣ ተራሽ ነው።»

«ልጆቹ አሉ፣ ይግቡ።»

«አይ የኔ እህት፣ አንቺ ቀድመሽ ነው የመጣሽው።»

«በሞቴ ይግቡ።»

«ኧረ ሞትሽን አታንሺብኝ!»

እንዲህ ስንባባል ጸሐፊዋ «ወይ ጉድ፣ ሠርግ ቤት ነው እንዴ? አንዳችሁ ግቡ!» አለች። ሴትዮዋ ትከሻዬን ይዛ ሳመችኝና ገባች። በሩ ተዘጋ። እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሰው የሚወደውን ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፈው። ደግነት ብቻ አልነበረም። በሩ ሲከፈት እንደ ሁልጊዜው ፈራሁ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የጮህኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ለሃያ ደቂቃ የሚሰውረኝ ነገር ፈለግኩ፤ የሴትዮዋ ልጆች እዚያው ቀረቡልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የምሸሸው፤ ሰው ግን ጨዋ ናት ይለኛል። እኔም አምኜው ነበር።

በበሩ በኩል ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። ስለ ራሷ ያለ ምንም እፍረት ትናገራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ ትላለች። እችላለሁ ትላለች። ያቺ ወለል ወለል ስታይ የነበረች ሴት! አንዴ ጠያቂዎቹ ሲስቁ ሰማሁ፤ የሚወዱትን ሰው ሲሰሙ የሚስቁት ሳቅ ነው። ይሄኔ ስልክ ጮኸ፣ ከውጭ ሩጫ ተሰማ፣ ከዚያም በሩ ተበርግዶ የሰው ኃይል ኃላፊው ወጣ። ሰዎች ወደ ፋብሪካው እየመጡ ነው ተብሏል። «ሁሉም ይውጣ! ሰርቪስ ውስጥ ግቡ!» አለ። ሴትዮዋ ፕላስቲኳን አቅፋ እየሮጠች ስታልፈኝ «ያሳደገችሽ ትባረክ!» ብላኝ ሄደች።

ሰርቪሱ በር ላይ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ አገደኝ። «ሠራተኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ፈተና…»

«እንግዲያ በእግርሽ፣ ቶሎ!»

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ጠዋት ያሳለፈኝ ልጅ እዚያው የቆመ መስሎኝ ፈለግኩት፤ ድንጋዩ ብቻ ነበር። ቤት የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። እናቴ በሰላም በመመለሴ አልቅሳ ስትጨርስ የሆነውን ነገርኳት። «ደግ አደረግሽ፤ እናት ናት» አለች። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ቤት ነበር። እሱ «ተራሽን?» ብቻ አለ። ጓደኛዬ ግን በስልክ ጆሮዬን አደነቆረችው።

«ትራስ የወረወርኩብሽ ለዚህ ነው? ለዚህ ነው አከራዬ ያበድሽ መስሏቸው ያዩሽ?»

«ልጆቿን ቆልፋ እኮ ነው የመጣችው።»

«እና አንቺንስ ማን ቆለፈብሽ?»

ከፋብሪካው ይደውላሉ፣ ያልተፈተንኩ መሆኔን ያውቃሉ፣ ሌላ ቀን ይጠሩኛል ብዬ አሰብኩ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። በሦስተኛው ሳምንት ራሴ ደወልኩ፤ ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጸሐፊዋ መዝገብ አገላብጣ ቅጥሩ ተጠናቋል አለችኝ። የተፈተኑት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ከሦስቱ አንዷ ተመርጣ ሥራ ጀምራለች።

«እኔስ?»

«ያንቺ ስም ላይ አልቀረበችም ይላል።»

ያ አንድ ቃል ያደረገብኝን ነገር እስከ ዛሬ በደንብ መግለጽ አልችልም። መውደቅ ለምጄዋለሁ። ወደቀች ቢሉኝ ኖሮ ተኝቼ አልቅሼ እረሳው ነበር። ግን ቀርቤአለሁ። በጭስ ውስጥ አልፌ ቀርቤአለሁ።

በነጋታው ሰበታ ሄድኩ። መንገዱ ተከፍቷል፤ ወታደሮች እያስቆሙ መታወቂያ ያያሉ፣ የተቃጠለ የጭነት መኪና ዳር ተገፍቷል። ኃላፊው ቢሮ ድረስ የገባሁት እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ቁጭ በይ ሳይለኝ ተቀመጥኩ።

«በፈተናው ቀን ነበርኩ» አልኩት።

መዝገቡን አየ። «አልቀረበችም ነው የሚለው።»

«ቀርቤአለሁ። ሦስተኛ ነበርኩ።»

«ሦስተኛ የገባችው ሌላ ሰው ናት።»

«ተራዬን ለእሳቸው ሰጥቼ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን?»

ሱሉልታ ላይ ይህን ጥያቄ አልተለማመድንም። ስለ ልጆቹ ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ በስልክ ላቦራቶሪ ደወለና ሴትዮዋን አስጠራት። ነጭ ጋዋን ለብሳ መጣች። እኔን ስታይ ፊቷ በራ፤ ገብታ አቀፈችኝ።

«ይቺን ልጅ! ይቺን የመሰለች ጨዋ ልጅ የት ይገኛል? እሷ ባትኖር ያን ቀን እኔ ሳልፈተን ነበር የምመለሰው!»

«ስለዚህ መጥታ ነበር» አለ ኃላፊው።

«እንዴታ! ከእኔ ቀድማ!»

«ተራዋን የወሰድሽባት ነው ወይስ ራሷ ሰጠችሽ?»

«ኧረ ራሷ ናት! በሞቴ ብላ ለምናኝ ነው እንጂ እኔማ እምቢ ብያት ነበር።»

ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ ሰማሽ። በር ተከፍቶልሽ አልገባሽም። ጥፋቱ የማን ነው?»

ሴትዮዋ የተናገረችው ነገር የት እንደደረሰ ያን ጊዜ ገባት። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። እጇን የጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተች። ገና የሙከራ ጊዜዋ ላይ ነበረች።

«ያለን ቦታ አንድ ነው» አለ ኃላፊው ወንበሩ ላይ እየተለጠጠ። «ወይስ እሷን አስወጥቼ አንቺን ላስገባ?» ብሎ ሳቀ።

ማንም አልሳቀም። ቀልድ ነበር፤ አውቃለሁ። ሴትዮዋ ግን እንደ ቀልድ አልሰማችውም፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ቆመች። እኔም እንደ ቀልድ አልሰማሁትም። በልቤ ውስጥ አዎ አልኩ። አዎ፣ አስወጣትና አስገባኝ፤ ቦታው የእኔ ነው፤ ሦስተኛ ነበርኩ። እንዲህ ጥርት ያለ፣ እንዲህ የማይንተባተብ ነገር በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። ከአፌ የወጣው ግን «አይ» ነው። ሴትዮዋ ስትተነፍስ ሰማኋት። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነገር ነው የሰጠኋት፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ጠልቻት ነበር፤ እሷም ያወቀችው ይመስለኛል።

«ካልሆነ ምን ላድርግልሽ?» አለኝ ኃላፊው። ሰዓቱን አየ።

«አልቀረበችም የሚለውን ያስተካክሉልኝ።»

«ምን ይጠቅምሻል?»

«ቀርቤአለሁ።»

«ቅጥሩ አልቋል እኮ፤ መዝገቡም ተዘግቷል። ማንም አያየውም።»

«ገብቶኛል። ያስተካክሉልኝ።»

ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ጸሐፊዋ በበሩ ብቅ ብላ አየችኝ። አልተነሳሁም። እሱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየና ከቢሮው እንድወጣ ሲል ብቻ እስክሪብቶውን አነሳ። ቃሉን በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ «ተገኝታለች፤ አልተፈተነችም» ብሎ ጻፈ። መዝገቡን አዙሮ አሳየኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። «ስልክሽን ስጪኝ የኔ እህት። ቦታ ሲከፈት መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው። በልጆቼ እምልልሻለሁ።»

ከልቧ እንደሆነ አውቃለሁ። እውነትም ትደውልልኝ ነበር ይሆናል። «መዝገቡ ላይ አለልዎት» አልኳትና አልፌያት ሄድኩ። ከኋላዬ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ሳልሰናበት ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እፎይታ አገኛለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላገኘሁም። በዋናው በር ወጥቼ ወደ አስፋልቱ ስወርድ ጆሮዬ አሁንም ወደ ኋላ ነበር፤ ግን አልተመለስኩም።